የጥቁሩ ድንጋይ ስባሪ

ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ያንቤኒ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ስለዚህ ዶርካስ ስትወድቅ መጀመሪያ ያየቻት እሷ ናት።

የጾሙ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ጸሎት ቤቱ በጩኸት ተሞልቷል። እዚያ መንደር ጸሎት አንድ ሰው እየመራ ሌላው አሜን የሚልበት አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ይጮኻል። በዚያ ጩኸት መሃል የዶርካስ ጉልበት ታጠፈ። ከዚያ ትከሻዋ ዘመመ። ከዚያ ከነቀይና ጥቁር ሻሏ የሳንቃው ወለል ላይ ተዘረጋች። ጭንቅላቷ የአግዳሚውን ወንበር ጠርዝ ለጥቂት ሳተው።

ያንቤኒ አልጮኸችም። አልሮጠችም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀ፤ በብርድ ጠዋት የመጀመሪያው የሻይ ጉንጭ ሲወርድ እንደሚሞቀው ዓይነት። «እሰይ» አለች በልቧ። «እሰይ፣ እሰይ።»

«ልጄ!» የሚል ድምፅ ጸሎቱን ቆረጠው። የዶርካስ እናት ሞንሉሚ ነበሩ። የመንደሩ የጸሎት ሴቶች መሪ እሳቸው ናቸው፤ ልጅ ሁሉ «አክስቴ» ነው የሚላቸው። ሴቶቹ ወዲያው ዶርካስን ከበቧት። ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ የዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል፣ ጣቶቿ የጃኬቷን ጫፍ ጨብጠዋል።

«መንፈስ ነው! መስኮቱን ክፈቱ!»

«ሕፃናቱን አስወጡ! ቶሎ!»

ይሄንን ሁሉም ያውቃል። ክፉ መንፈስ ሲወጣ በቅርብ ባገኘው ቀዳዳ ነው የሚወጣው፤ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ካገኘ ደግሞ እዚያው ያርፋል። ስለዚህ መስኮት ይከፈታል፣ ትንንሾቹ ይወጣሉ፣ በወደቀው ሰውና በበሩ መካከል ማንም አይቆምም።

ያንቤኒ በሩ ላይ ነበረች።

«ያንቤኒ! ከበሩ ዞር በይ እንጂ! ሲወጣ አንቺን ያገኝሻል!» አሏት አሮጊቷ ኦሬኒ በከዘራቸው እየጠቆሙ።

አንድ እርምጃ ዞር አለች። አንድ ብቻ።

በተከፈተው መስኮት የቤንቱንግ ጭንቅላት ብቅ አለ። ከያንቤኒና ከዶርካስ ጋር አሥረኛ ክፍል ነው የሚማረው፤ አፉን መግጠም የማይችል ልጅ ነው። «ሦስት ቀን ሩዝ ያልቀመሰ ሰው ቢወድቅ ደግሞ ጋኔን ይፈለግለታል እንዴ?»

«አንተ! መጀመሪያ ለዚያ አፍህ ነው የሚጸለየው!» አሉ ኦሬኒ። ጭንቅላቱ ጠፋ።

«ውጣ!» አሉ ሞንሉሚ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እጃቸው ግን በልጃቸው ግንባር ላይ እንደ ድንጋይ ነው። «በኢየሱስ ስም ውጣ! ልጄን ልቀቅ!»

«ውጣ! ውጣ!» አሉ ሴቶቹ ሁሉ።

ያንቤኒ ቃሉ ደረቷን ሲመታት ተሰማት። ለዶርካስ የተወረወረ ቃል ነበር፤ እሷ ግን ሳታውቀው ወደ ኋላ ተንገዳገደች። ያ ሞቅ ያለው ነገር እዚያው ቁጭ ብሏል። ንቅንቅ አላለም።

«ማን ነህ? በየት በር ገባህ?» አሉ ሞንሉሚ።

ጋኔን ያለ በር አይገባም። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ የተማሩት ነው። በሩ ወይ የተደበቀ ኃጢአት ነው፣ ወይ የተደበቀ ዕቃ። በሩ ካልተገኘ ስንት ቢጸለይ ዋጋ የለውም።

ያንቤኒ ዕቃው የት እንዳለ ታውቃለች። በዶርካስ የትምህርት ቤት ጃኬት በግራ ኪስ ውስጥ ነው።

* * *

ነገሩ የጀመረው ጭልፊቶቹ ከሰሜን መጥተው የወንዙን ሰማይ በሚሸፍኑበት ወራት ነበር። ያን ቀን ዝናብ ስለዘነበ ሁለቱ ልጆች ለማጥናት የያንቤኒ አያት ጎተራ ውስጥ ተቀመጡ። ጎተራዎቹ ከመንደሩ ጫፍ በእንጨት ቋሚ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ቤት ቢቃጠል እህሉ እንዲተርፍ። ጂኦግራፊው ሰለቻቸው። ያኔ ያንቤኒ፣ «አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ግን ማይልኝ» አለች።

«እምላለሁ።»

«በእናትሽ ሞት።»

«በእናቴ ሞት! ምንድነው?»

ያንቤኒ እጇን እስከ ክርኗ ሩዙ ውስጥ ከተተችና ጥቁር ድንጋይ አወጣች። የዶሮ እንቁላል ያክላል፤ ትንሽ ይበልጣል። ወንዝ ለስንት ዘመን እንዳለሰለሰው ማን ያውቃል። የአያቷ የሬንጻሞ አያት ነበሩ ያገኙት። ድሮ እንዲህ ዓይነት ድንጋይ በየጎተራው ነበር፤ እህሉን ይባርካል ይባል ነበር። ወንጌል ሲመጣ ሰው ሁሉ ወንዝ ጣለው። የሬንጻሞ አባት ግን አልጣሉም፤ ለልጃቸው ሰጡ።

«ትሰግዱለታላችሁ?» አለች ዶርካስ ዓይኗ ፈጦ።

«እብድ ነሽ? አያቴ ዲያቆን ናቸው! በመከር ጊዜ አንዴ ይነኩታል። በቃ። የአባቴ እጅ ነክቶታል ነው የሚሉት።»

ዶርካስ ድንጋዩን ጉንጯ ላይ አስጠጋች። «ቀዝቃዛ ነው» አለች፤ ሳቀችም። ከዚያ ራሷ ሩዙ ውስጥ መልሳ ቀበረችው።

በሚቀጥለው የወጣቶች ጾም ጸሎት ላይ ዶርካስ ዓይኗን ጨፍና ተነሳች። «አንድ ነገር ይታየኛል» አለች። «በዲያቆን ሬንጻሞ ጎተራ ውስጥ፣ ከሩዙ ስር፣ ጥቁር እንቁላል ይታየኛል። ይተነፍሳል።»

መንደሩ ተነሳ። ሽማግሌዎች፣ የጸሎት ሴቶች፣ ፓስተር ዛንቱንጎ ሳይቀሩ ወደ ጎተራው ወረዱ። ሩዙን መሬት ላይ ገለበጡት። ድንጋዩ ሲገኝ ሰው ሁሉ አምላክ ሆይ አለ። «መንፈስ ካልነገራት እንዴት ታውቃለች?» ተባለ። ይሄንን ጥያቄ መመለስ የምትችል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም አያቷን ነበር የምታየው። እኔ ነኝ ያሳየኋት ብትል፣ ለአያቷስ ምን ብላ ትነግራቸዋለች?

ድንጋዩን በመንገድ ሠራተኞች መዶሻ ሰበሩት። የሰባ ስምንት ዓመቱን ሰው ጭቃው ላይ አንበርክከው እጃቸውን ጫኑባቸው። ዲቁናቸው ተነሳ፤ እስከ ፋሲካ ከጌታ እራት ታገዱ። ሬንጻሞ አልተከራከሩም። ሲነሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ሩዙን መልሱልኝ።»

ማንም አልመለሰም። መዝሙር እየዘመሩ ወጡ። አያትና የልጅ ልጅ እስኪመሽ ድረስ ፍሬ በፍሬ ከጭቃ ውስጥ ለቀሙ። ዶሮዎቹም የራሳቸውን ድርሻ ለቀሙ። ያንቤኒ ያን ጊዜ አላለቀሰችም። እያንዳንዱን ፍሬ ስታነሳ አንድ ስም ትጠራ ነበር፤ ለጸሎት ግን አልነበረም።

ከገና በኋላ ዶርካስ ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ፣ ብርቱካኖቹ ስር ጠበቀቻት። ስሟን ሳትጠራት ስንት ሳምንት ሆኗታል።

«ያንቢ።»

ያንቤኒ አልፋት ልትሄድ ነበር። ዶርካስ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ጥቁር ስባሪ ነበር፤ አንድ ጎኑ ለስላሳ፣ ሌላው ጎኑ ስለታም።

«የዚያን ቀን አነሳሁት። ለአያትሽ... እባክሽ ስጪልኝ።»

«ራስሽ ስጫቸው። ቤታቸውን ታውቂዋለሽ። ጎተራቸውን ደግሞ ከእኔ በላይ!»

«እናቴ ታየኛለች።»

«ወይ ጉድ! ራእይ ስታዪ እናትሽ አላስፈራችሽም፤ አሁን አስፈራችሽ?»

«እሷን ፈርቼ እኮ ነው ያየሁት!» አለች ዶርካስ። «አንቺ አታውቂም። በየሳምንቱ፣ ‹ምን አየሽ? እኔ በሰባት ዓመቴ ነበር የማየው፤ አንቺ ለምን አታዪም? የደበቅሽው ኃጢአት አለ እንዴ?› ትለኛለች። ምን ልበላት? የማውቀው የተደበቀ ነገር ያ ብቻ ነበር።»

ያንቤኒ የጓደኛዋን ፊት አየች። ከስቷል። አላዘነችላትም። ይልቁንም ማየቱ እንዴት እንደሚጣፍጥ ገረማት።

«እንግዲያው» አለች፣ «እኔም አንድ ቀን አያለሁ። ጠብቂ።»

ዶርካስ ስባሪውን ወደ ኪሷ መለሰችው። ልትጥለውም አልደፈረች፤ ቤት ልታስቀምጠውም አልደፈረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንቤኒ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ያቺን ግራ ኪስ ታያለች። ጣቶች ይገባሉ፣ ይነካሉ፣ ይወጣሉ። ማታ ከመተኛቷ በፊት ደግሞ የምትለውን ቃል ትለማመዳለች። ሲደጋገም እንደ ጥሩ መዝሙር አፏ ላይ ተመቻት።

* * *

«ያንቤኒ፣ ልጄ።»

ሞንሉሚ ነበሩ። ከዶርካስ አጠገብ ተንበርክከው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። ከመድረክ ላይ መንደሩን የሚያንቀጠቅጡት ሴት አሁን እንደ ማንኛዋም የደነገጠች እናት ነበሩ።

«አንቺ ጓደኛዋ ነሽ። ከእኔ በላይ ታውቂያታለሽ። ያየሽው ነገር ካለ በጌታ ስም ንገሪኝ። በሩ የት ነው?»

ጸጥ አለ። ፊቶች ሁሉ ዞሩ። ያንቤኒ ስንት ሌሊት የጠበቀችው ጸጥታ ይሄ ነበር።

ውሸት እንኳ መናገር አያስፈልጋትም። እውነቱን ትናገራለች፤ ዶርካስ እውነት እንደተናገረችው ሁሉ። ዓይኗን ጨፈነች።

«ይታየኛል» አለች።

የሰው ሁሉ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማች። አንድ ቃል ነው የተናገረችው፤ ቤቱ በሙሉ በዚያ ቃል ላይ ተንጠለጠለ። አሁን ገባት፣ ዶርካስ ያን ቀን ምን እንደተሰማት። ሰውን እንዲህ በአንድ ቃል ማንጠልጠል! የስባሪው ድንጋይ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። የዶርካስ ኪስ ይፈተሻል። የጸሎት ሴቶቹ መሪ ልጅ፣ ባለ ራእይዋ፣ የሰይጣን ድንጋይ ኪሷ ውስጥ ይገኝባታል። እንዲጸለይላት ብለው እዚህ ጸሎት ቤት ውስጥ ለስንት ሳምንት ያስቀምጧታል። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ያልፋታል። ቤንቱንግ ሳይቀር ይሸሻታል። ጭቃው ላይ ትንበርከክ፤ እሷም ፍሬ በፍሬ ትልቀም።

«ምን ይታይሻል?» አሉ ሞንሉሚ።

«የሬንጻሞ ነገር ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አሉ ኦሬኒ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። «ብያችሁ ነበር! ድንጋዩን ሰበራችሁት፤ ውስጡ የነበረው የት ሄደ? ማን ጠየቀ? እዚያው ሽማግሌው ላይ ተቀምጦ ነው ልጆቹን የሚመታው!»

«እውነት ነው» አለ አንድ ድምፅ።

«ወደ ሬንጻሞ ቤት መመለስ አለብን።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልብሷን ፈትሹ» አሉ ሞንሉሚ። «ከዚያ ቤት የመጣ ነገር ይዛ እንደሆነ።»

ያንቤኒ ዓይኗን ገለጠች።

ስንት ሌሊት ስትለማመደው አንድም ቀን እስከዚህ ድረስ አላሰበችውም ነበር። ስባሪው ከዶርካስ ኪስ ቢወጣ፣ ድንጋዩ ጥፋተኛ ነው ማለት ነው። በዶርካስ ላይ የወረወረችው ድንጋይ አያቷን ነው የሚመታው። ሽማግሌዎቹ እንደገና ይወርዳሉ። ጎተራውን ብቻ አይደለም፣ አሁን ቤቱን ይገለብጣሉ። አያቷ እንደገና ይንበረከካሉ። በዚያ ላይ አሁን ማስረጃ አላቸው።

አንዲት ሴት የዶርካስን ሻል መፍታት ጀመረች።

«ርቧት ይታየኛል!» አለች ያንቤኒ።

«ምን?»

«ርቧታል። ሦስት ቀን ውኃ እንኳ በደንብ አልጠጣችም። ከንፈሯን እዩት።» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። ከበሩ ተነስታ በሴቶቹ መካከል ሰንጥቃ ገባች። «እኔ ልፈትሻት። ጓደኛዋ እኔ ነኝ፤ ልብሷን ሌላ ሰው አይንካባት።»

ሞንሉሚ እጃቸውን ከልጃቸው ግንባር ላይ ሳያነሱ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ያንቤኒ ተንበረከከች። ቀኝ ኪሱን ገለበጠች፤ መሐረብና የተቀረጸ እርሳስ ወጣ። ወደ ግራው ዞረች። ስባሪው ሞቆ ነበር፤ የዶርካስ ሰውነት አሙቆታል። በመዳፏ ጨበጠችው፤ ስለታም ጎኑ ቆዳዋን ሰነጠቀው። እጇን ወደ ራሷ እጅጌ ውስጥ ከተተች።

ከዚያ አፏን ወደ ዶርካስ ጆሮ አስጠጋች። ለሚያያት ሰው የምትጸልይ ነበር የምትመስለው።

«እኔ ነኝ። ወስጄዋለሁ» አለች። «ይቅር አላልኩሽም። እሁድ በሁሉም ፊት ትናገሪያለሽ። ካልተናገርሽ እኔ አሳያለሁ።»

የዶርካስ ዓይን ተገለጠ። ጥቁሩ ተመለሰ። ያንቤኒን አየቻት፤ እንባ ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ።

«ምንም የለም» አለች ያንቤኒ ተነስታ። «ሻይ ስጧት። ስኳር ያለበት።»

«ጾሙ ሳይፈታ?» አሉ ኦሬኒ። «ጠላት እኮ እንዲህ ነው የሚፈልገው!»

ሞንሉሚ ሻላቸውን ሰብስበው ተነሱ። «ልጄ ናት» አሉ። በቀጥታ ከጸሎት ቤቱ ጓሮ ወዳለው ማድቤት ሄዱ። የስኳሩን ቆርቆሮ ክዳን ሲታገሉት ድምፁ ከውስጥ ይሰማ ነበር።

ዶርካስ ሻዩን ጠጣች። ሁለተኛውንም ጠጣች። መንቀጥቀጡ ተዋት፣ ጉንጯ ቀላ። «ወጣ! ክብር ለጌታ!» አለች አንዷ፤ ሁሉም መዝሙር ጀመሩ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ኦሬኒ ብቻ አልዘመሩም። የተከፈተውን መስኮት አዩ፣ በሩን አዩ፣ ከዚያ ያንቤኒን አዩ።

«ወጣስ» አሉ በቀስታ፤ «ማን ላይ አረፈ ነው እንጂ።»

ያንቤኒ እጇን እጅጌዋ ውስጥ እንደደበቀች ወጣች። ደም ጣቷን ተከትሎ ይወርድ ነበር።

* * *

ሬንጻሞ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለቅርጫት ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ከምድጃው በላይ የተሰቀለው የአሳማ ሥጋ የጭስ ሽታ እስከ ደጅ ይመጣል። ቢላቸውን ሳያቆሙ ጠየቁ።

«የሞንሉሚ ልጅ ወደቀች አሉ።»

«ወድቃ ነበር። አሁን ደህና ናት።»

«ደስ አለሽ?»

ያንቤኒ መሬቱን አየች። ለአያቷ ዋሽታ አታውቅም። «አዎ» አለች።

ቀርከሃው ጠረቅ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

«እኔም» አሉ አያቷ።

ቀና ብላ አየቻቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን አላዞሩም። «ቤንቱንግ ሮጦ መጥቶ ሲነግረኝ፣ እሰይ አልኩ። በሽምግልናዬ። ያቺ ልጅ እዚህ ደጃፍ ላይ ነው መራመድ የተማረችው።» ቢላውን አስቀመጡ። «ጠላታችን ሰው አይደለም ብዬ አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ። ጭቃው ላይ ሲያንበረክኩኝ ግን የእያንዳንዳቸውን ስም ይዤ ነው የተነሳሁት። አሁንም ይዤዋለሁ። ማታ ማታ እቆጥራቸዋለሁ።»

ፍሬ በፍሬ ሲለቅሙ አጠገቧ የነበሩት ሰው እንደ እሷ ስም ይጠሩ ነበር ማለት ነው። ጎን ለጎን፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

እጇን ከእጅጌዋ አውጥታ ዘረጋች። ስባሪው ላይ ደም ደርቆበታል።

«ይሄ ኪሷ ውስጥ ነበር» አለች። «ልትመልስልዎት ፈልጋ ነው የያዘችው። አባባ... ድንጋዩን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ራእይ አልነበረም።»

«ገምቼ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ያ ድንጋይ ተንፍሶ አያውቅም።» እጃቸው ግን ወደ ስባሪው አልተዘረጋም። «ምን ልታደርጊው ነው?»

«እሁድ ትናገራለች። ካልተናገረች እኔው የጌታ እራት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም እናገራለሁ። ራእይዋንም፣ እናቷንም፣ ሁሉንም!»

«ጠረጴዛው ላይ?» የሬንጻሞ ጢም ተንቀሳቀሰ። ከመከር ወዲህ የመጀመሪያው ፈገግታ ነበር። «አንቺማ እስከ ፋሲካ የታገድኩትን ሰውዬ እስከ ምጽአት ልታሳግጂኝ ነው።»

ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። አመድ ከምድጃው አመጡና የተሰነጠቀው መዳፏ ላይ ነሰነሱላት።

* * *

እሁድ ያንቤኒ ከመዘምራኑ ረድፍ አልተቀመጠችም። የታገዱ ሰዎች የሚቀመጡት በመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው፤ እዚያ ከአያቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ቤንቱንግ ዞሮ፣ «ምን ሆነሽ ነው?» በሚል ዓይን አያት።

ስባሪው በቀኝ እጇ ውስጥ ነበር። ዶርካስ ከፊት፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። መዝሙሩ ሲያልቅ ፓስተር ዛንቱንጎ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምስክርነት ያለው አለ?»

ሞንሉሚ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። ጌታ ነጻ እንዳወጣሽ ተናገሪ ማለታቸው ነበር። ዶርካስ አልተነሳችም። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረች፤ ከስንት ጭንቅላት በላይ አልፋ ያንቤኒን ፈለገች፣ ከዚያ እጇን ፈለገች።

ያንቤኒ ጭብጧን ከፍ አደረገችላት። እንድታየው ፈልጋ ነው። የዶርካስ ፊት አመድ መሰለ። አሁን ትነሳለች። ፍርሃቱ ያስነሳታል፤ እንደዚያኛው ጊዜ።

እንደዚያኛው ጊዜ።

ያንቤኒ ያን ፊት አወቀችው። ‹ጥቁር እንቁላል ይታየኛል› ስትል የነበረው ፊት ይሄው ራሱ ነው። በዚያ ፊት የሚነገር ነገር ውሸት ቢሆን እውነት ቢሆን ድምፁ አንድ ነው። ያኔ ያስፈሯት እናቷ ነበሩ፤ አሁን ያንቤኒ ናት። ደረቷ ውስጥ ያለው ሙቀት አልበረደም፤ በቀሏን አሁንም ትፈልገው ነበር። ግን እንዲህ ተጎትቶ የሚወጣውን አልፈለገችም። ያ አይበቃትም፤ ዶርካስ ማንም ሳያስገድዳት ራሷ እንድታወጣው ፈለገች። ሩዙ ፍሬ በፍሬ ነበር የተለቀመው።

እጇን ዝቅ አድርጋ ስባሪውን በአያቷ መዳፍ ውስጥ አኖረች። የሽማግሌው ጣቶች ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ተዘጉ።

ከዚያ ባዶ መዳፏን ወደ ላይ አንስታ ለዶርካስ አሳየቻት። ቁስሉ መሃሉ ላይ ይታይ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

«ምስክርነት ያለው የለም?» አሉ ፓስተሩ፤ መነጽራቸውን ሊያጠልቁ ነበር።

ያንቤኒ አንገቷን ደፋች። ከፊት ረድፍ፣ ከሞንሉሚ ጎን ሰው ሲነሳ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማች፤ ቀና ብላ ግን አላየችም። አጠገቧ፣ አያቷ ቀና አሉ።